ጥለት

በስምንት ዓመቱ ዙፋን ላይ ወጣ አሉ፣
እግሮቹ መሬቱን ሳይነኩ፣ ተንጠልጥለው ሳሉ።

እኔ በስምንቴ
ወባ ነበር ዙፋኔ፤ የሰሌን ምንጣፍ፣ የእናቴ
ነጠላ በውሃ ተነክሮ ግንባሬ ላይ፤
ጣና ይተነፍሳል፣ ከቤታችን በታች፣ ከደንገሉ በላይ።

ታሪኩን የሰማሁት በአሥራ ስድስቴ ነው፣
ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ዝናብ እየደበደበው።
ንጉሡ ኢዮስያስ፣ የዚያ የክፉው የአሞን ልጅ፣
ቤተ መቅደስ ሲያስጠግን፣ ካህኑ ከአቧራው ደጅ
የጠፋ የሕግ መጽሐፍ አግኝቶ ቢያመጣ፣
ሰምቶ ተነሣ፤ አገሩን ሊያጠራ፣ ጣዖቱን ሊቀጣ።
አጸዱን ቆረጠ፣ መሠዊያ አፈረሰ፣
አመዱን አድቅቆ መቃብር ላይ ነሰነሰ።

አሥራ ስድስት ዓመት ምን ይሻል ከዚህ በላይ?
መጥረቢያና ንጉሥ፣ ቁጣና ሰማይ።

እኛም ዋርካ ነበረን።
ከዓሣ ማራገፊያው ወዲያ፣ ታንኳ ከሚታሰርበት፣
ሽማግሌ ቅቤ የሚቀባው፣ ሴት ጠላ የምታፈስበት፤
ግንዱን ክር ወርሶታል፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ ክር፣
ዝናብ ሲዘገይ፣ ምጥ ሲጠና፣ ዓሣ አጥማጅ ወጥቶ ሲቀር።
አድባር ይሉት ነበር። እኛ ግን በጾም ላይ ጾም ጨምረን፣
«አጸድ ነው፣ ይቆረጥ» አልን፣ ዘጠኝ ሆነን፣ ተማምለን።
ይትባረክ ከአናጺው አጎቱ ምሳር ተዋሰ።

ለቡራኬ ሄድን ወደ መርጌታ ልሳነወርቅ፤
ደጃቸው ተቀምጠው ብራና ይፍቃሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ።
አልተቆጡም። አልባረኩም። ቆዳውን ገልበጥ አደረጉና
አቧራውን እፍ አሉና፦
«መጽሐፉ ሲነበብለት ለዚያ ለወጣቱ ንጉሥ፣
በመጀመሪያ የቀደደው የማንን ልብስ?»

ዝም አልን። እናውቀዋለን። ስንቴ አንብበነው፣
ምሳሩ ጋ ለመድረስ ስንቸኩል የዘለልነው።
«የራሱን» አለች አስካለ፣ ከሁላችን ታናሽ፤
መርጌታ ወደ ፍቂያቸው ተመለሱ፤ ሌላ የለም ምላሽ።

ሌሊቱን ግን ሄድን። እውነቱን ልናገር።
ጎረምሳ ምሳር ከያዘ ማን ይመልሰዋል በነገር?
ጨረቃ የለችም፤ ከማዶ የባሕር ዳር መብራት
ውሃው ላይ ይሰባበራል፤ ጉማሬ ያናፋል ከርቀት።
ሦስቴ መታነው። ዋርካው ነጭ ወተት አፈሰሰ፤
እጃችን ተጣበቀ፤ ይትባረክ ፊቱን አበሰ።
ክሩን ልበጥስ በባትሪ ጠጋ ብዬ ሳይ፣
ከቀዩ ሥር፣ ከጥቁሩ ሥር፣ ከቅቤው እድፍ ላይ፣
አንድ ቁራጭ ጥለት፣ አረንጓዴ በቢጫ።

አወቅሁት።
የእናቴ ነጠላ ነው፤ ዳሩ ስንዝር የሚጎድለው፤
አይጥ የበላው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሷ ናት የቀደደችው።
ያን ሌሊት። በስምንት ዓመቴ።
ማንም መጽሐፍ ያላነበበላት እናቴ።

ምሳሩን ጣልኩት ብል ውሸት ነው። ይትባረክ ቀጠለ።
ግንዱ ግን የወፈረ ነው፤ ለዘጠኝ ልጅ እምቢ አለ።
ወፍ ሲንጫጫ ትተነው ሄድን፣ በየመንገዱ ተበትነን፤
ጠባሳው ዛሬም አለ፣ ሰው ቅቤ ይቀባዋል እሱኑ።
ጥለቱ ግን እኔ ጋ ነው። ለማንም አላሳየሁም።
ትክክል ይሁን ስርቆት፣ እስካሁን አልለየሁም።

አሁን እሑድ ከሰዓት እምቦጭ እንነቅላለን፣
ጭቃው ጉልበት ይውጣል፤ በእጃችን እንጎትታለን፤
በሳምንቱ ስንመጣ ያው ቅጠል፣ ያው ሐምራዊ አበባ።
ንጉሡም እንዲያው ነው፤ በሠላሳ ዘጠኙ፣ ቀስት ወግቶት መቃብር ሲገባ፣
ልጆቹ መልሰው ተከሉት ያን ሁሉ የነቀለውን።
ታዲያ ለምን ነቀለ? አላውቅም። እኔም ጎንበስ እላለሁ።

እናቴ ውሃ በጀሪካን ይዛ ዳር ላይ ትቆማለች፣
ያን ነጠላ ለብሳ፣ በጎደለው በኩል ፀሐይዋን ጋርዳለች።
ዓይኔን ከጠርዙ ላይ ሳልነቅል ታየኛለች።
«ሱሪህን ሰብስብ» ትላለች፣
«ይረጥብብሃል።»